ዌስት ፖይንት፦ በኢቦላ ስም የታጠረው ሰፈር

ኦገስት 20 ቀን 2014 ማለዳ ነው። በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ፣ ዌስት ፖይንት በሚባለው ሰፈር ሰው እንደ ወትሮው ሥራ ሊሄድ ወጣ። መንገዱ ተዘግቷል። ሌሊቱን ወታደርና አድማ በታኝ ፖሊስ ሰፈሩን ከቦታል፤ መውጫዎቹ በጣውላና በእሾሃማ ሽቦ ታጥረዋል። በባሕሩ በኩል የጠረፍ ጠባቂ ጀልባ ይዞራል። ምክንያቱ ኢቦላ ነው፣ ለ21 ቀን መግባትም መውጣትም የለም ተባለ። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አጥሩ 21 ቀን አልቆየም፤ በ10 ቀኑ ተነሳ። ግን በእነዚያ 10 ቀናት የሆነው ነገር አንድ የጤና እርምጃ እንዴት ፖለቲካ ሆኖ እንደሚያርፍ በደንብ ያሳያል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዌስት ፖይንት የታጠረው በሽታው ስለተገኘበት ብቻ አይመስለኝም፤ ከአራት ቀን በፊት ሰዉ ተነስቶ የሕሙማን ማቆያ ስለሰበረም ነው። ነዋሪው እርምጃውን እንደ ቅጣት አየው፣ እንዲያ ብሎ ማሰቡም አይፈረድበትም። ሰው ደግሞ እየቀጣው ነው ብሎ ለሚያስበው አካል የታመመ ልጁን አውጥቶ አያሳይም። በዚያ ወር ሞንሮቪያ ውስጥ ከምንም በላይ ያስፈልግ የነበረው ግን ይኸው ነበር፤ ሰው በሽተኛውን ደብቆ እንዳያስቀር።

ሰፈሩ የመሱራዶ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ነው፤ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዘልቆ የገባ ጠባብ የአሸዋ መሬት። ከመሀል ከተማው ገበያ በእግር ይደረሳል። እንደ ገማቹ ከ50 ሺህ እስከ 75 ሺህ ሰው ይኖርበታል ይባላል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ አንዱ ከሌላው ተጣብቆ የተሠራ፣ በመካከሉ ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍበት ቦታ አለ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ጥቂት ነው፣ እሱም በክፍያ፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ባሕሩ ዳር ይወጣል። ውሃ በጄሪካን ይገዛል። ሰዉ ዓሣ ያጠምዳል፣ ዓሣ አጭሶ ይሸጣል፣ ገበያ ወጥቶ ይቸረችራል፣ የቀን ሥራ ይሠራል። ከእጅ ወደ አፍ ነው። ያን ቀን ካልወጣ ማታ ጦሙን ያድራል። በዚያ ላይ ሰፈሩ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ሲወራበት የኖረ ቦታ ነው፣ ባሕሩም ዳርቻውን እየበላው ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ወታደር ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጤና አይደለም።

ወታደር ማለት ላይቤሪያ ውስጥ ምን እንደሆነም መረሳት የለበትም። ከ1989 እስከ 2003 አገሪቱ በሁለት የእርስ በርስ ጦርነቶች ታምሳለች። መሣሪያ የያዘ ሰው ያጠረውን መንገድ ለማለፍ መለመን ምን ማለት እንደሆነ በ2014 ዕድሜው ከሃያ በላይ የነበረ ሁሉ ያውቀው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የድሮው ጦር ፈርሶ በአሜሪካ እርዳታ አዲስ ሠራዊት ተገንብቷል። ያ አዲስ ሠራዊት በሕዝብ ፊት ከቀረበባቸው የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ አጋጣሚዎች አንዱ እንግዲህ ይኸው አጥር ሆነ።

አሁን በዚያ ሰሞን ከተማው የነበረበትን ሁኔታ እንይ። ወረርሽኙ የተነሳው በ2013 መጨረሻ ጊኒ ውስጥ ነው። ማርች 2014 ላይ ላይቤሪያ ገባ፣ ጁን ላይ ሞንሮቪያ ደረሰ። የጤናው ሥርዓት ቀድሞውንም አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት ደርዘን ናቸው። ጓንት እንኳ በበቂ አልነበረም። ሐኪምና ነርስ መሞት ጀመረ፣ የቀሩት ፈሩ፣ ሆስፒታሎች በራቸውን ዘጉ። ጁላይ 30 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ኦገስት 6 ፕሬዚዳንት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ለ90 ቀን የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኦገስት 17 በ120 አልጋ የከፈቱት ማዕከል ወዲያው ሞላ፤ በሽተኛ ከበር ይመለስ ጀመር።

ይህን አስቡት። መንግሥት በሬዲዮ «የታመመ ሰው ካለ አሳውቁ» ይላል። ቤተሰብ ይደውላል፣ አምቡላንስ አይመጣም። ሰው ተሸክሞ ይወስዳል፣ አልጋ የለም ይባላል። በሽተኛው ቤት ውስጥ ይሞታል፣ አስክሬን የሚያነሳው ቡድን በስንት ጊዜው ይደርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ይነገር የነበረው መልእክት ራሱ «ኢቦላ ይገድላል፣ መድኃኒት የለውም» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ በወቅቱ የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም። ግን መድኃኒት ከሌለው ለምን ወደ ማዕከሉ እሄዳለሁ? ቤቴ ብሞትስ? ሰው እንዲህ ማሰቡ ምን ያስገርማል።

ወሬው የበቀለው እዚህ ላይ ነው። ኢቦላ የሚባል ነገር የለም፣ መንግሥት ከውጭ ለጋሾች ገንዘብ ለመብላት የፈጠረው ነው ይባል ነበር። ወሬው ስህተት ነው፤ ሰውም ገድሏል። ግን ከድንቁርና ብቻ የመጣ አልነበረም። ባለሥልጣን እርዳታ ሲበላ ያየ ሕዝብ አዲስ እርዳታ የሚያመጣ በሽታ ሲነገረው መጠርጠሩ ከልምዱ ነው።

በዚህ መሀል ነው ዌስት ፖይንት ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተጠርጣሪ ሕሙማን ማቆያ እንዲሆን የተወሰነው። አልጋ ስለሌለ ሰዎቹ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። ነገሩ የተበላሸው አካሄዱ ላይ ነው። ነዋሪው በቅጡ አልተጠየቀም። ከሌላ ሰፈር ሕሙማን ጭነው እያመጡብን ነው የሚለው ነገር ሰፈሩን አዳረሰው። ማቆያው ደግሞ ማቆያ ነው እንጂ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ አይደለም፤ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎ ሰው ይተኛል፣ ውጤት ይጠብቃል። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ግቢ፣ በማታውቋቸው በሽተኞች ተሞልቶ፣ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚነግራችሁ ሰው ሳይኖር ብታገኙት ምን ትላላችሁ?

ኦገስት 16 ሕዝቡ በሩን ሰብሮ ገባ። 17 የሚሆኑ ተጠርጣሪ ሕሙማን ከማቆያው ወጡ፣ አንዳንዶቹን ዘመዶቻቸው ናቸው የወሰዷቸው። ፍራሽና አንሶላ ሳይቀር ተዘረፈ፣ ደም የነካው ጭምር። ከገቡት መካከል ኢቦላ ውሸት ነው እያለ የሚጮህ ነበር፤ በሽታውን አምኖ ከሰፈሬ አውጡልኝ የሚልም ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚያምኑት ተቃራኒ ነገር ነው። አንዱን በማስረዳት ትመልሰዋለህ፣ ሌላው ግን ከመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው። በማግስቱ የወጣው ዜና ሁለቱንም አንድ ላይ ጨፍልቆ «የዌስት ፖይንት ዘራፊዎች» አላቸው። ሕሙማኑ በቀጣዮቹ ቀናት ተገኝተው ወደ ሕክምና እንደተላኩ መንግሥት ራሱ አስታወቀ። አጥሩ ግን አልቀረም።

ኦገስት 19 ማታ ፕሬዚዳንቷ አወጁ። በመላ አገሪቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰዓት እላፊ ተጣለ። ዌስት ፖይንትና ከዋና ከተማው ውጭ ያለችው ዶሎ ታውን እንዲዘጉ ታዘዘ። ኢቦላን የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን በጅምላ መዝጋት አይመክሩም ነበር። ምክንያታቸውን መረዳት ከባድ አይደለም። ኢቦላ በአየር አይተላለፍም፤ ምልክት ያልታየበት ሰው አያስተላልፍም። የሚተላለፈው የታመመን ወይም የሞተን ሰው የሰውነት ፈሳሽ በመንካት ነው። 21 ቀን የሚባለውም የመጣው በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ የሚወስደው ረጅሙ ጊዜ 21 ቀን ስለሆነ ነው፤ አንድ ሰው በሽተኛ ከነካበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ ዘግተህ 21 ብትቆጥር ግን ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። ውስጥ አንድ አዲስ ሰው በተያዘ ቁጥር ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ጤነኛውንም ከታመመው ጋር፣ ውሃ በሌለበት፣ መጸዳጃ በማይበቃበት ቦታ ትዘጋዋለህ። ንክኪ ያለውን ሰው ለይቶ መከታተል ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይሠራል። ግን እሱ እንዲሠራ ሰውየው ማንን እንደነካ ሊነግርህ ይገባል።

የመንግሥትን ፍርሃት አላቃልለውም። የተጠርጣሪ ሕሙማን ማቆያ በዋና ከተማው መሀል ሲሰበር ያየ መንግሥት አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ግን የመረጠው ነገር መንግሥት እየሠራ ነው የሚያስብል፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነበር። ሽቦና ወታደር በፎቶ ይታያል። ቤት ለቤት እየሄደ «ማን ታመመ» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በፎቶ አያምርም።

ወደ 20ኛው ቀን ማለዳ እንመለስ። ሰዉ መውጫው ላይ ተሰብስቧል፣ ገና ምን እንደሆነ እየተጠያየቀ ነው። በዚህ መሀል የጸጥታ ኃይሎች ወደ ውስጥ ገብተው በሰፈሩ ይኖሩ የነበሩትን የመንግሥት ኮሚሽነር፣ የሰፈሩን አስተዳዳሪ፣ ከነቤተሰባቸው አጅበው አወጡ። ሰዉ እያየ። ማንም አይወጣም የተባለው እኮ ከጥቂት ሰዓት በፊት ነው! በሽታ ነው ያጠረን ብሎ ሊያምን ይችል የነበረ ሰው እንኳ፣ ባለሥልጣን የማይመለከተው በሽታ ምን ዓይነት ነው ብሎ ቢጠይቅ ምን መልስ አለው? ድንጋይ መወርወር ጀመረ። ወታደሮቹ ተኮሱ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እግሮቹን ተመቶ ወደቀ። መሬት ላይ ደሙ እየፈሰሰ እርዳታ ሲለምን የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ልጁ ሞተ። ኢቦላ አልነበረበትም፤ የገደለው ኢቦላን ለመከላከል የወጣው እርምጃ ነው።

መጀመሪያ ከመንግሥት በኩል የተሰማው ወታደሮች ሰው ላይ አልተኮሱም የሚል ማስተባበያ ነበር። ለእኔ ከተኩሱ ቀጥሎ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ያው መንግሥት በዚያው ሳምንት ለዚያው ሕዝብ «ስለ ኢቦላ የምንነግራችሁ እውነት ነው፣ እመኑን» እያለ ነበር። በዓይኑ ያየውን አላየህም የተባለ ሰው በዓይኑ ስላላየው ቫይረስ ሲነገረው ምን ይላል? በኋላ የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ፣ በወታደሮችም ላይ የዲሲፕሊን ቅጣት ተወሰደ። ግን እስከዚያ ወራት አለፉ።

አጥሩ ውስጥ የነበረው ኑሮ ደግሞ ሌላ ነው። የሩዝ፣ የከሰልና የውሃ ዋጋ በቀናት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ምግብ በእርዳታ ገባ፣ ሰዉ በፀሐይ ተሰልፎ ተጋፍቶ ይቀበላል፤ ሰው እንዳይነካካ ተብሎ በወጣ እርምጃ ማለት ነው። ዓሣ አጥማጁ ባሕር መውጣት አይችልም። ዓሣ ሻጯ ገበያ መድረስ አትችልም። ሠራተኛ የሆነ ሰው ሥራው ይጠብቀው አይጠብቀው አያውቅም፣ ምክንያቱም ያን ሰሞን «የምኖረው ዌስት ፖይንት ነው» ማለት ራሱ እንደ በሽታ ይቆጠር ነበር። ወባ የያዘው፣ ምጥ የመጣባት፣ ስኳር ያለበት ሰው የት ይሂድ? ገንዘብ ያለው ግን መውጫ አላጣም። ለጠባቂዎች ጉቦ ሰጥቶ፣ በሌሊት በጀልባ ወይም ዋኝቶ የወጣ ሰው እንደነበረ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ስለዚህ አጥሩ በአጥርነቱም አልሠራም፤ ደሃውን ያዘ፣ የከፈለውን ለቀቀ፣ የወጣውንም ሰው ማንም እንዳያውቀው ተደብቆ እንዲኖር አደረገው። ንክኪ ያለውን ሰው ለሚፈልግ ባለሙያ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ኦገስት 29 አጥሩ እንደሚነሳ ተነገረ፣ በማግስቱ ማለዳ ተነሳ። ሰው ጎዳና ላይ እየዘፈነ፣ እየተቃቀፈ ወጣ። ፕሬዚዳንቷም በኋላ እርምጃው በኅብረተሰቡ ውስጥ ውጥረት እንዳባባሰ አምነዋል።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም፣ ምክንያቱም ዌስት ፖይንት ብቻውን አልነበረም። በዚያው ወር ሞንሮቪያ ውስጥ የሚሞት ሰው አስክሬን ሁሉ እንዲቃጠል ታዝዞ ነበር። የሕክምና ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በኢቦላ የሞተ ሰው አስክሬን በጣም ያስተላልፋል፣ መቃብር ቆፋሪ ጠፍቷል፣ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ግን ላይቤሪያ ውስጥ በማርች ወር በብሔራዊ በዓልነት የሚከበር የመቃብር ማስጌጫ ቀን አለ፤ ቤተሰብ መቃብር ሄዶ ያጸዳል፣ ቀለም ይቀባል። እናቱ የተቃጠለችበት ሰው በዚያ ቀን የት ይሂድ? ትእዛዙ የበሽተኛ መደበቂያ ሌላ ምክንያት ሆነ። ሰው ሬሳውን በሌሊት በድብቅ መቅበር ጀመረ፣ በባዶ እጁ አጥቦ። ይህ ደግሞ በሽታው ከሚስፋፋባቸው መንገዶች ዋናው ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ዲስኮ ሂል በሚባል ቦታ በጥንቃቄ የሚቀበርበት መካነ መቃብር ተከፍቶ ማቃጠሉ ቀረ። እዚያ ቤተሰብ በርቀት ቆሞ ቀብሩን ማየት ይችል ነበር።

ፖለቲካው ላይም ዕዳው መጣ። ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንቷ በአዋጁ ሥር ተጨማሪ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ እንቅስቃሴንና ስብሰባን መገደብ፣ የግል ንብረት መውሰድን ጨምሮ። የተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄውን ጣለው። ከኦገስቱ አጥርና ተኩስ በኋላ መሆኑ ለእኔ ግጥምጥሞሽ አይመስለኝም። ኦክቶበር 14 ሊካሄድ የነበረው የሴኔት ምርጫም ተላለፈ፣ ዲሴምበር 20 ተካሄደ። ከምርጫው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ሞንሮቪያ ውስጥ የድጋፍ ሰልፍ በኢቦላ ምክንያት ተከለከለ። የፕሬዚዳንቷ ልጅ በዚያው ምርጫ ዋና ከተማው ያለበትን ክልል ለመወከል ከቀድሞው የእግር ኳስ ኮከብና ተቃዋሚ ፖለቲከኛ ጆርጅ ዊያ ጋር እየተወዳደረ ነበር። ክልከላው በጤና በኩል የሚያሳምን ምክንያት ነበረው፤ ብዙ ሕዝብ ሲተፋፈግ አደጋ አለው። ግን እንደዚያ ተብሎ የሚታመንበት ጊዜ አልፏል። ዊያ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ታዲያ ወረርሽኙን ምን ገታው? አልጋ ተጨመረ፣ አስክሬን የሚያነሳ ቡድን በዛ፣ የውጭ እርዳታ መጣ። ግን አንድ ነገር ከዌስት ፖይንት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች ያደገው ላይቤሪያዊ የወረርሽኝ ባለሙያ ሞሶካ ፋላህ ወደ ሰፈሮቹ ገብቶ ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ጀመረ። ሰፈሩን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የዚያው አካባቢ ወጣት መመደብ ነበር ሥራው። ልጁ በየቀኑ በር ያንኳኳል፣ «ዛሬ ያመመው አለ ወይ፣ የሞተ አለ ወይ» ብሎ ይጠይቃል፣ ይመዘግባል፣ ይደውላል። ከወታደሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሥራ ይመስላል። ግን የተደበቀ በሽተኛ የተገኘው በዚህ ነው።

ለምን እንደሚሠራም የተጠና ነገር አለ። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ሞንሮቪያ ውስጥ ከ1,500 በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት፣ መንግሥትን የማያምን ሰው ስለ ኢቦላ ያለው እውቀት ከሚያምነው እንደማያንስ አገኘ። ያውቃል፣ ግን አይታዘዝም። በወረርሽኙ የበለጠ የተጎዳ ሰው ደግሞ እምነቱ የበለጠ ዝቅ ያለ ነበር። የዚያው ቡድን ቀጣይ ሥራ ያሳየው፣ መልእክቱ የዚያው ሰፈር ነዋሪ በሆነ በጎ ፈቃደኛ በኩል ሲመጣ ሰው እንደሚቀበለው ነው። ምክንያቱ የልጁ ንግግር ማማሩ አይደለም። እዚያው ይኖራል። ዛሬ «ደውሉ፣ አምቡላንስ ይመጣል» ብሎ ነገ ባይመጣ ያቺ እናት በሩ ላይ መጥታ ትጠይቀዋለች፣ ልጁም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ለአለቆቹ ደጋግሞ ይደውላል።